የጋርዴኒያው ቤት አባወራ

ፎርቲን በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወደ ላይ በምትወጣው ጠባብ መንገድ የሚያልፍ ሰው፣ ኒካኖር ደጃፍ ሲደርስ ሳያስበው እርምጃውን ይቀንስ ነበር። ግንቦት ሲሆንማ የቸኮለውም ይቆማል። የቤቱ ኮሪደር በጋርዴኒያ የተሞላ ነው። በአሮጌ የሞራ ጣሳ፣ በተሰነጠቀ ድስት፣ እጀታው በወለቀ ባልዲ ተተክሏል፤ ቅጠሉ በዘይት የተወለወለ ይመስላል፣ አበባው ከወተት ይነጣል። በመኝታ ቤቱ መስኮት ጃስሚን ተንጠልጥሏል። ማድ ቤቱ በር ላይ ደግሞ በግማሽ በርሜል የበቀለ የሎሚ ዛፍ አለ። መዓዛው ግድግዳውን አልፎ መንገዱን ያውደዋል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ይስቡና፣ ዶን ኒካኖር እርስዎማ ገነት ውስጥ ነው የሚኖሩት ይሉታል። እሱም ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያመሰግናል።

በዚያ ሰፈር ያንን መዓዛ አንድም ቀን አሽትቶ የማያውቅ ሰው ቢኖር ግን እሱ ራሱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነቱ ነው። ኒካኖር በጭነት ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ሆኖ በተቀጠረ በመጀመሪያው ዓመት፣ ካፊያ ባራሰው የፉርጎ ጣሪያ ላይ ሲራመድ አዳለጠውና በጀርባው ወደቀ። ማጅራቱን የሐዲዱ ዳር ድንጋይ አገኘው። ከሰመመን ሲነቃ እጁም እግሩም ደህና ስለነበር፣ ሐኪሙ እናትህ አጥብቃ የጸለየችልህ ልጅ ነህ ብሎ አሰናበተው። ቤቱ ገብቶ እናቱ ያቀረበችለትን ጥቁር አደንጓሬ ቢቀምስ፣ ከጨው በቀር ምንም አላገኘበትም። ጉንፋን መሰለው። ጉንፋኑ ግን ሳይለቀው ከረመ። ሳሙናው፣ የተከተፈው ሽንኩርት፣ የበቅሎው በረት፣ ናፍጣ የጠጣው ጨርቅ፣ ሁሉም አንድ ሆነበት። ባዶ አየር።

ለማንም አልተናገረም። ፍሬን ያዥ ከዓይኑና ከእጁ ጋር አፍንጫውንም ይዞ ነው የሚቀጠረው፤ የፉርጎ ዘንግ ቅባቱ አልቆ ሲግል፣ ጭስ ከመታየቱ በፊት የሚያስጠነቅቀው የቅባቱ የቃጠሎ ሽታ ነው። አፍንጫዬ ሞተ ያለ ሰው በማግስቱ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ኒካኖር ባቡሩ በቆመ ቁጥር ዘሎ እየወረደ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ይዳብስ ጀመር። ሌሎቹ ሲጋራ ሲያጨሱ እሱ ጎንበስ ቀና ሲል የሚያየው አለቃው፣ ይህ ልጅ ሥራ ወዳድ ነው ብሎ ወደ መንገደኛ ባቡር አሳደገው።

ኦቲሊያን ያገኛት ያኔ ነው። በዚያ ዘመን ባቡር ፎርቲን ሲቆም የከተማዋ ልጃገረዶች ጋርዴኒያ በሙዝ ግንድ ቁራጭ ላይ ሰክተው በየመስኮቱ ሥር እየሮጡ ይሸጡ ነበር። ኦቲሊያ አትሮጥም። ምሰሶ ተደግፋ ትቆማለች፤ የፈለገ ይምጣ ነው። ኒካኖር ከርቀት ሲያያት ሰንብቶ አንድ ቀን እንደ ምንም ተጠጋት። እሷም ሰላምታውን ሳትመልስ አንድ አበባ መዘዘችና አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

«እስቲ በል፣ ምን ምን ይላል?»

ትውልዱ ከባሕር ዳር፣ ከወደብ ማዶ ካለ ደረቅ ሜዳ ስለነበር፣ አደጋው ከመድረሱ በፊትም ጋርዴኒያ አጋጥሞት አያውቅም። የሚበደረው ትዝታ እንኳ የለውም። ዓይኑን ጨፈነ፣ በረጅሙ ሳበ።

«ይህን ያሸተተ ሰው እንዴት ብሎ ተመልሶ ባቡር ላይ ይወጣል?» አላት።

ኦቲሊያ ሳቀች። በዚያች ሳቅ ተይዞ ቀረ። ቆይቼ እነግራታለሁ አለ። ስንታጭ እነግራታለሁ፣ ስንጋባ እነግራታለሁ እያለ ቀጠሮውን ሲያሸጋግር ተጋቡ፤ ከተጋቡ በኋላ ደግሞ ለመናገር የቱ ቀን ይሻላል? ያኔ ለምን ዋሸህ ትለዋለቻ።

እሷ ግን ባሏ መዓዛ ወዳድ ነው ብላ አመነች። ከሥራ ሲገባ ቤቱ ይቀበለው ብላ ጋርዴኒያዎቹን ከጓሮ አንስታ ወደ ኮሪደር አስገባች። ለልደቱ ጃስሚን ተከለችለት። ሎሚው የእጮኝነታቸው መታሰቢያ ነው። ልጅ አልወለዱም፤ የልጅ ቦታ ሁሉ በጣሳ ተሞላ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ጋርዴኒያ ሲፈነዳ ፊቱን ሳይታጠብ ታመጣለታለች። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይስብና ፍርዱን ይሰጣል። ዘንድሮ ጠንከር ብሏል፤ ዝናቡ በዝቶ ነው መሰል ትንሽ ውሃ ውሃ ይላል፤ እንዲህ እንዲያ። ቃላቱን ከጎረቤት ሴቶች እየሰማ ነው የሚያጠራቅመው። የቀረውን ከፊቷ ያነባል።

ከሁሉ የሚከብደው ማምሻው ነበር። ካፊያው ሲያባራ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ በሸምበቆ ወንበር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኦቲሊያ ወሬዋን ትተው ትንፋሿን ዝግ አድርጋ ዝም ትላለች። ወዴት እንደሄደች ያውቃል፤ ተከትሏት መግባት ግን አይችልም። እጇን ይዞ፣ ከተዘጋ በር ውጭ እንደቆመ ሰው፣ እስክትመለስ ይጠብቃል።

ኖሩ። የመንገደኛው ባቡር ቀረ፤ ኒካኖርም ጡረታ ወጣ። ሰፈሩ እንደ እነሱ ያለ ባልና ሚስት የለም ይል ነበር፤ አልተሳሳተም። ከዚያ ኦቲሊያን ሳንባዋ አመማት። የብርዱን ወራት በሳል ገፋችው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጋርዴኒያዎቹን አንድ በአንድ እየተሸከመ አልጋዋ ዙሪያ ደረደረላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገልጣ፣ አበባው ፈንድቷል ወይ፣ እኔ ዛሬ አልሸተተኝም አለችው። ኒካኖር ጎንበስ ብሎ አንዱን አበባ በአፍንጫው ሳበና ልክ እንደ ሁልጊዜው ተናገረ።

«እንዴ! ቤቱን እኮ ሞልቶታል።»

ኦቲሊያ ሳቀች። እስኪያስላት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ፊቱንም በመዳፏ ዳሰሰችው። ምን እንዳሳቃት አልገባውም። ትኩሳቱ ነው አለ በልቡ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልሰነበተች።

ለሟች መቁጠሪያ የሚደግሙት የሰፈሩ ሴቶች ዘጠኙን የጸሎት ቀን እየመጡ አብረውት አመሹ። የኦቲሊያ ነፍስ ከቤቷ አልወጣችም፣ ይኸው ታውዳለች ይሉ ነበር። እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ቤቱ ጭር አለ። ጣሳዎቹን ወደ ኮሪደሩ መለሳቸው፤ ማለዳ ማለዳ ውሃ ያጠጣል፤ የደረቀውን ቅጠል ይለቅማል። ሌላው ሰው ሚስቱ ስትሞትበት ቢያንስ ጠረኗ ልብሷ ላይ ይቀርለታል። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ሹራቧን ፊቱ ላይ ጫነ። ሱፉ ቆረቆረው፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ሹራቡን መልሶ አጠፈና ቁም ሳጥኑን ዘጋው።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ይበላሹ ጀመር። የከረመ ወተት ጠጥቶ ሁለት ቀን ሆዱን ያዘው። አደንጓሬው ድስቱ ላይ አርሮ ጭሱ ዓይኑን ሲቆጠቁጠው ነው ያወቀው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ቀስ ብላ ፈቀቅ አለች፤ ሸሚዙን ከለበሰ ስንት ቀን እንደሆነው ማስታወስ አቃተው። በኦቲሊያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም።

በመጨረሻ ጋዙ መጣ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ኮሪደሩ ላይ አሸልቦ ሳለ፣ ጎረቤቱ ቶማሳ፣ ማዶ በኩል የበቆሎ ቂጣ እየጋገረች የምትሸጠው፣ በሩን በትከሻዋ በርግዳ ገባች። ማድ ቤት ሮጣ ሲሊንደሩን ዘጋች፤ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፤ እሱን ክንዱን ይዛ ደጅ አወጣችው።

«ዶን ኒካኖር፣ ምን ነካዎት? መንገዱ ሁሉ እኮ ከርፍቷል! ክብሪት ጭረው ቢሆን ኖሮ የእኔም ልጆች አልቀው ነበር» አለችው።

ጉንፋን ይዞኛል አላት። ከዘመናት በፊት እሱ ራሱ ያመነው ጉንፋን አሁን ውሸት ሆኖ ከአፉ ወጣ። ቶማሳም አልቆየችም፤ ቂጣዋ ምጣዱ ላይ ነበር። ኒካኖር ግን ደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ሐሳብ ሐሳብን ሳበበት። ኦቲሊያ ወተቱን ሁልጊዜ እሷ ቀድማ አሽትታ ነበር የምትቀዳለት። ከቤት ሲወጣ አንገቱን ታቅፈው የነበረው፣ ሸሚዙ ላይ አፍንጫዋን የምታሳርፈው፣ ፍቅር ብቻ ነበር? አዲስ ሲሊንደር ሲመጣ አንተ አትንካው፣ የሴት ሥራ ነው ትለው ነበር። የባቡር ሰው ሲሊንደር መግጠም ያቅተዋል ብላ ነው?

የሙት ዓመቷ ሲደርስ እህቷ ክሪሳንታ ከዋቱስኮ በአውቶቡስ መጣች። ክሪሳንታ የኦቲሊያ ታላቅ ናት፤ ቃሏን አትመርጥም፤ ኒካኖርን ገና ሲታጩ ጀምሮ «አማቼ» እያለች ስትተርበው የኖረች ሴት ናት። ከቅዳሴው ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ፤ እግሯ ስላበጠ ጫማዋን አወለቀች። ኒካኖር ውሃ አቀረበላት። ከዚያ ቆሞ ቀረ።

«ክሪሳንታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግን አታባብይኝ።»

«ማባበል መቼ አውቅበትና።»

«ኦቲሊያ ታውቅ ነበር?»

ክሪሳንታ ምኑን ብላ አልጠየቀችም። መልሱን ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

«ታውቅ ነበር» አለች። «ቁጭ በል፤ ቆመህ የምትሰማው አይደለም።»

ተቀመጠ። እሷም ነገረችው። በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ኦቲሊያ ከዚያም በፊት ትጠረጥር ነበር አለች፤ ምግቡን ሁሉ በቃሪያ አቃጥሎ ካልሆነ አይበላም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አይጥ አልጋቸው ሥር ሞታ ስትከረፋ፣ እሷ ሳሎን ሸሽታ ስታድር እሱ እዚያው ላዩ ላይ ሲያንኮራፋ አድሯል። በዚያው ሰሞን ዋቱስኮ ልትጠይቃት ሄደች። የዋቱስኮ ብርድ ስለሚስማማው፣ ክሪሳንታ ግቢ ውስጥ ነጭ ካሜሊያ አለ። አበባው ሲያዩት የጋርዴኒያ መንትያ ነው፤ መዓዛ ግን የለውም፤ ወረቀት ማለት ነው። ኦቲሊያ አንዱን ቀጥፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

«አንተም ዓይንህን ጨፍነህ ሳብክና፣ ዘንድሮስ ከአምናው ይበልጣል አልካት።»

የኒካኖር ፊት ደም ለበሰ።

«ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ሳቃችሁብኝ።»

«እኔ ሳቅሁ። አሁን ዋሽቼ ምን ላተርፍ? ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። ለእኔ ብሎ እንዴት ሲደክም ኖረ አለች። እንግዲህ ንገሪውና ይረፍ አልኳት። ከነገርኩትማ ጠዋት ጠዋት ዓይኑን መጨፈን ይተዋል አለችኝ።»

«እና ያን ሁሉ ዓመት እያወቀች ታመጣልኛለች?»

«ታመጣልሃለች። ምን ታድርግ? አንተ ለእሷ ትዋሻለህ፣ እሷ ለአንተ። ሁለት ግትሮች።»

ጎረቤት ዶሮ ያባርራል። ክሪሳንታ ያበጠ እግሯን እያሸች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳልፈለገች ሆና ጨመረችበት።

«አንድ ቀን ብቻ ነው የከፋት። ቤቱ እንዲህ ሲያውድ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ ብቻዬን እንደምበላ ሰው ነኝ አለችኝ።»

ኒካኖር ተነስቶ ማድ ቤት ገባ። ያለ ሥራ ቆመ። እሱ ከበሩ ውጭ ብቻዬን ነኝ እያለ የኖረበትን ማምሻ፣ እሷም ከበሩ ውስጥ ብቻዋን ሆና ነበር ያሳለፈችው። እጅ ለእጅ ተያይዘው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ከሁለት አንዱ ቢያወጣው። የሞት አልጋዋ ላይ የሳቀችው ሳቅ ትዝ አለው፤ ምን እንዳሳቃት አሁን ገባው። ሲመለስ ክሪሳንታ ጫማዋን አጥልቃ ነበር።

«ምን ምን ይላል?» አላት ጋርዴኒያውን እያሳየ። «ደህና አድርገሽ ንገሪኝ።»

ክሪሳንታ ተቸገረች። ጣፋጭ ነው አለች። ቅቤ ቅቤ ይላል፤ አይ፣ ቅቤ አይደለም፤ ወተት ላይ ስኳር ሲጨመር፤ መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ ይመራል፤ ሲከርም ደግሞ ራስ ያዞራል። ኒካኖር ጣፋጭን ያውቃል፣ መራራንም ያውቃል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ አየር ውስጥ ለማስቀመጥ ሞከረ። አልመጣለትም። ይበቃል፣ አመሰግናለሁ አላት። እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። ጃስሚኑን ከነድስቱ አቅፋ ወጣች፤ እሱ ነው ውሰጂው ያላት።

ከእሷ መሄድ በኋላ ተቆጣ። ያልጠበቀው ቁጣ ነበር። እንደ ሞኝ ስታጫውተኝ ኖረች አለ፤ ወዲያው ደግሞ የጀመርኩት እኔ ነኝ አለ፤ ሁለቱም እውነት ስለሆነ ቁጣው መውደቂያ አጣ። ጣሳዎቹን ውሃ ነሳቸው። ቅጠላቸው ተልፈሰፈሰ፤ የጠወለገው አበባ ቡናማ ሆኖ ሲሚንቶው ላይ ረገፈ። እሱ ያንን እያየ ያልፋል። አንድ ማለዳ ግን፣ ባልተለመደ ሙቀት፣ የትልቁን ጣሳ አፈር ከጠርዙ ለቆ ተሰንጥቆ አየው። እሷ በጣቷ ስትኮተኩተው የኖረችው አፈር ነው። ባልዲውን አነሳ። ሁሉንም እስኪያዳርስ ቀትር ሆነ። ሁለቱ ደረቁ፤ ሌሎቹ ዳኑ።

በዚያው ሰሞን ቶማሳን ጠርቶ እውነቱን ነገራት። በገዛ አፉ ሲናገረው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ቶማሳ በሐዘኔታ ሰማችው፤ ግን አላመነችውም። እርጅና ነው ዶን ኒካኖር፣ አያቴም መጨረሻቸው ላይ እንዲሁ ሆነው ነበር አለችው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ነው ቢላት ፈገግ አለች። ይህን ሁሉ አበባ ቤትዎ አጭቀው? ዶኛ ኦቲሊያ ነፍሷን ይማርና፣ ስለ እርስዎ የጋርዴኒያ አዋቂ ነው ትል የነበረውስ? ለሌሎችም ሞከረ፤ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለቄሱ። ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ፤ ቄሱ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል ብለው አጽናኑት። እውነቱ ከረፈደ መጥቶ ማደሪያ አጣ። ሰፈሩ ዶን ኒካኖር በሚስታቸው ሐዘን አፍንጫቸው ተዘጋ የሚለውን ይዞ ቀረ፤ ይህም ከእውነቱ ይልቅ ስላማረ ማንም ሊለውጠው አልፈለገም።

የጋዙን ነገር ግን ቶማሳ አልናቀችም። ከዚያ ወዲህ ቂጣዋን ሸጣ ስትጨርስ፣ አመሻሽ ላይ፣ በሩን ሳታንኳኳ ብቅ ትላለች። ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ አየሩን ሳብ ሳብ ታደርጋለች። ወተቱን ታሸታለች፤ ድስቱን ገልጣ ታያለች፤ አንዳንዴ ሸሚዝዎን ይቀይሩ ትለዋለች፣ ያለ ይሉኝታ። ኒካኖር ያን ሰዓት ሲጠብቅ ይውላል። ወንበር ያዘጋጅላታል፤ እሷ ግን አትቀመጥም፤ ልጆቿ ይጠብቋታል።

«ሰላም ነው፤ ምንም የለም» ትለዋለች።

«ሎሚውስ ምን ምን ይላል? ዛሬ አብቧል።»

«ሎሚው ሎሚ ነው እንግዲህ፣ ዶን ኒካኖር» ብላ ትስቅና፣ ሰበር ሰካ እያለች መንገዱን ትሻገራለች። እሱም የእሷ በር ሲዘጋ እስኪሰማ ቆሞ ይቆይና ወደ ውስጥ ገብቶ አደንጓሬውን ያሞቃል።